ከከተማ ዳር ባለች አነስተኛ ስቱዲዮ የዓመት የተውኔት መርሐ ግብር አዘገጃጀት

በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ ወይም በለገጣፎ የሚኖር የቴአትር ወዳጅ አንድ ተውኔት ለማየት ቢነሣ፣ ከትኬቱ ዋጋ ይልቅ የሚከብደው የደርሶ መልስ ጉዞው ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው አዳራሽም በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት፣ እነዚህ መንደሮች የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበሩ፤ ቴአትሩም የተተከለው በያኔዋ ከተማ እምብርት ነው። ነዋሪው ወደ ዳር ሲወጣ መድረኩ አብሮት አልወጣም። በኮንዶሚኒየም የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃ፣ በትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም በተከራዩት መጋዘን ውስጥ ሃምሳ ስድሳ ሰው የምታስተናግድ ስቱዲዮ መክፈት ይህን ክፍተት ይሞላል፤ ይሁንና እንዲህ ያለች ስቱዲዮ የምትዘልቀው ተመልካቹ አስቀድሞ የሚያውቀውና የሚተማመንበት የትርኢት ዘመን ሲኖራት ነው። አንድ ጥሩ ተውኔት አሳይታ ለወራት የምትዘጋ ስቱዲዮ በተከፈተች ቁጥር ተመልካቿን እንደ አዲስ መሰብሰብ ይኖርባታል።

ከድርሰቱ በፊት የቀን መቁጠሪያው

ብዙ የቴአትር ቡድን ሥራውን የሚጀምረው ድርሰት በመምረጥ ነው፤ ከዚያ ተዋንያን ይሰባሰባሉ፣ ልምምዱ ሲገባደድም ለትርኢት የሚሆን ቀን ይፈለጋል። በትልቅ አዳራሽ ይህ አካሄድ ብዙም አይጎዳም። በመሐል ከተማ ቴአትር ቤቶች በተለመደው አሠራር አንድ ተውኔት ከሳምንቱ አንድ ቀን ተሰጥቶት ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ስለሚታይ፣ ዛሬ ያልተመቸው ሰው በሌላ ሳምንት ይመጣል፤ ተመልካቹም ከመላ ከተማዋ ይሰበሰባል። የሰፈር ስቱዲዮ ግን የምትተማመነው በእግሩ ወይም በአንድ ታክሲ በሚደርስ ነዋሪ ነው። የዚህ ነዋሪ ቁጥር ውሱን በመሆኑ አንድ ተውኔት ሊያየው የሚችለውን ሰው በአራት ወይም በአምስት ሳምንት አዳርሶ ይጨርሳል። ስለዚህ ትርኢቱ አጭር፣ በዓመት የሚታዩት ተውኔቶች ደግሞ ሦስት ያህል ቢሆኑ ይመረጣል፤ አጭር ትርኢት ከማይመች ሳምንት ጋር ከተጋጨ የሚካካስበት ጊዜ ስለሌለው፣ የሰፈሩ የቀን መቁጠሪያ ከድርሰት ምርጫው መቅደም አለበት።

በመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያና የበዓል ወጪ የቤተሰቡን ኪስ ያራቁታል። በመሆኑም የመጀመሪያውን ተውኔት ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ጾመ ነቢያት እስከሚገባበት እስከ ኅዳር 15 ድረስ ማሳየት ጥሩ ነው፤ ዝናቡ አቁሟል፣ መንገዱ ደርቋል፣ የዕረፍት ቀኖቹም ብዙ ድግስ የለባቸውም። ታኅሣሥ ለልምምድ ይተው። ጥርን መድፈር ግን አይገባም። ከተራና ጥምቀት ካለፉ በኋላ ቅዳሜና እሁድ የሠርግ ቀን ነው፤ የጋራ መጠቀሚያ አዳራሹ ለደጋሾች ይከራያል፣ ከጎረቤት ድንኳን የሚሰማው ሞንታርቦም የተዋናዩን ድምፅ ይውጠዋል።

ሁለተኛው ተውኔት መቼ ይታይ በሚለው ላይ ብዙ አዘጋጆች ከእኔ ጋር አይስማሙም። ጾም ሲገባ ቴአትር ይቀዘቅዛል የሚለው አስተሳሰብ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ዐቢይ ጾም ለሰፈር ስቱዲዮ የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። በእነዚያ 55 ቀናት ሠርግ ስለማይደገስ አዳራሽ በቀላሉ ይገኛል፣ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላም ሰው ቤቱ ነው። የሚያስፈልገው ለጊዜው የሚስማማ፣ ከጭፈራና ከቀልድ የራቀ፣ ሰውን የሚያሳስብ ተውኔት ማቅረብ ነው። ጾሙ የሚገባበት ቀን እንደ ባሕረ ሐሳቡ ስሌት ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚዋልል፣ ቀኑን በየዓመቱ አስቀድሞ ማየት ግድ ነው። የረመዳን ወርም በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚሳብ ከዚሁ ጋር አብሮ መታየት አለበት፤ ጾመኛው ለማፍጠር በጊዜ ቤቱ የሚደርስበትን ሰዓት ያላሰበች ስቱዲዮ የሰፈሯን ግማሽ ልታጣ ትችላለች።

ሦስተኛው ተውኔት ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ ጀምሮ ግንቦት እስኪያልቅ ቢታይ ይሻላል። ሰኔ ሲገባ የተማሪዎች ፈተና አለ፤ ከፈተናው የባሰው ግን ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው፤ እሱ ከጀመረ የትኛውም ተዋናይ ሊደመጥ አይችልም።

ሰዓቱን በተመለከተ ከቀኑ 9 ሰዓት ተጀምሮ ከ11 ሰዓት በፊት የሚያልቅ ትርኢት ከሁሉም ይበልጣል። ተመልካቹ ሳይጨልም ወደ ቤቱ ይገባል፣ ከሌላ ሰፈር የመጣውም ታክሲ ያገኛል፣ የእሁድ ቅዳሴና የዕድር ስብሰባም ተጠናቅቀው ይቆያሉ። አንዴ የተመረጠው ቀንና ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ሳይለወጥ መዝለቅ አለበት፤ ሰው «ቅዳሜ 9 ሰዓት እዚያ ትርኢት አለ» ብሎ ማስታወቂያ ሳያይ መምጣት ሲጀምር የትርኢቱ ዘመን ሥር ይዟል ማለት ነው።

ድርሰት መምረጥና መብቱን ማስከበር

ቀኖቹ ከታወቁ በኋላ የሚመረጠው ድርሰት ሦስት መለኪያዎችን ማሟላት ይኖርበታል፤ ገጸ ባሕርያቱ ከሁለት እስከ አምስት ቢሆኑ፣ ታሪኩ በአንድ ወይም በሁለት ቦታ ቢፈጸም፣ ርዝመቱም ከአንድ ሰዓት ተኩል ባይበልጥ። ብዙዎቹ የአማርኛ ተውኔቶች ለሰፊ መድረክና ለብዙ ተዋናይ የተጻፉ በመሆናቸው፣ አንድን ትልቅ ድርሰት እየቆራረጡ ወደ ጠባብ ክፍል ከማስገባት ለጠባብ ክፍል የሚሆን ድርሰት መፈለግ ይቀልላል። ቅደም ተከተሉም ይታሰብበት። የጥቅምቱ ተውኔት ሰፈሩን የሚጋብዝ ኮሜዲ፣ የጾሙ ወቅት ጠንከር ያለ ድራማ፣ የግንቦቱ ደግሞ የአካባቢው ወጣት ጸሐፊ አዲስ ሥራ ቢሆን፣ ተመልካቹ በመጀመሪያው ተዝናንቶ በሁለተኛው ካመነ በኋላ ስሙን ሰምቶት ለማያውቅ ደራሲ ጆሮውን ይሰጣል።

መብትን በሚመለከት ብዙ ቡድኖች ይዘናጋሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱም በኋላ ለ50 ዓመት እንደሚጠበቅ ይደነግጋል። መንግሥቱ ለማ ያረፉት በ1980 ዓ.ም.፣ ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን በ1998 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ የሁለቱም ተውኔቶች ዛሬም ጥበቃ አላቸው፤ ለማሳየት የወራሾቻቸው ፈቃድ በጽሑፍ ያስፈልጋል። ስቱዲዮዋ ትንሽ መሆኗ ወይም ትርኢቱ በነጻ መታየቱ ይህን ግዴታ ያስቀራል ብሎ መገመት አደገኛ ነው። የሼክስፒር ሥራ ነጻ ነው ተብሎ በሌላ ሰው የተተረጎመውን የአማርኛ ቅጂ ያለ ፈቃድ መጠቀምም አይቻልም፤ ትርጉሙ ራሱን የቻለ መብት አለው። በሌላ በኩል በ1896 ዓ.ም. ያረፈው ሩሲያዊው አንቶን ቼኾቭ «ድቡ» እና «የጋብቻ ጥያቄ» በሚሉ ርዕሶች የጻፋቸው ሁለት ባለ አንድ ገቢር ኮሜዲዎች እያንዳንዳቸው ሦስት ገጸ ባሕርያት ብቻ ስላሏቸው፣ ስቱዲዮዋ በራሷ ተርጓሚ ወደ አማርኛ መልሳ ሁለቱን በአንድ ትርኢት ልታቀርብ ትችላለች። ከሕያው ደራሲ ጋር በሚደረገው ውል ውስጥ ተውኔቱ ስንት ጊዜና የት እንደሚታይ፣ ደራሲው ከገቢው ስንት እጅ እንደሚያገኝ፣ ቃለ ተውኔቱን መለወጥ ቢያስፈልግ ማን እንደሚፈቅድ በግልጽ ይጻፍ። ሦስተኛው ነጥብ ካልተጻፈ በልምምድ ጊዜ አዘጋጁና ደራሲው መጋጨታቸው አይቀርም።

ክፍሉን ለትርኢት ማዘጋጀት

ስምንት ሜትር በአሥራ ሁለት ሜትር የሆነ ክፍል ለስድሳ ተመልካችና ለደህና መጫወቻ ይበቃል። ከፍ ያለ መድረክ መሥራት አያስፈልግም፤ ጣራው ዝቅተኛ በሆነበት ክፍል ውስጥ መድረክ ማንሣት ተዋናዩን ከመብራቱ ጋር ከማጋጨት በቀር ጥቅም የለውም። ከፍታ ሊሰጠው የሚገባው ለተመልካቹ ነው። የፊተኛው ረድፍ ምንጣፍ ላይ፣ ሁለተኛው በርጩማ ላይ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከእንጨት በተሠራ ርብራብ ላይ በተደረደረ ወንበር ቢቀመጥ፣ ያለ ብዙ ወጪ ሁሉም ሰው የተዋናዩን እግር ጭምር ማየት ይችላል። ምንጣፉ የልጆችና የወጣቶች ቦታ ይሁን፤ አረጋውያን በመተላለፊያው በኩል ባሉ ወንበሮች ይቀመጡ። ወንበርና አግዳሚ ከሰፈሩ ዕድር በኪራይ ሊገኝ ይችላል፤ ዕድሩ ለለቅሶ በፈለገው ጊዜ ወዲያው እንደሚመለስለት ግን ከወዲሁ ሊነገረውና ቃሉም ሊከበር ይገባል።

የክፍሉ ግድግዳ ነጭ ከሆነ ብርሃኑን ሁሉ እየመለሰ ተመልካቹንም ተዋናዩንም እኩል ያበራል። ጥቁር የተነከረ አቡጀዲ ከኋላና ከሁለቱ ጎኖች ቢሰቀል መብራቱ መጫወቻው ላይ ብቻ ያርፋል፤ ጨርቁ በእጥፋት ሲሰቀል የክፍሉን ማስተጋባትም ይቀንሳል። ከኋለኛው መጋረጃና ከግድግዳው መካከል አንድ ሰው የሚያልፍበት ክፍተት ቢቀር፣ ተዋንያን ሳይታዩ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው መሻገር ይችላሉ።

ለመብራት ውድ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የሚገኝ ባለ ኤልኢዲ ፓውዛ ይበቃል። ሲገዛ ግን ብርሃኑ ሞቅ ያለ ቢጫማ ይሁን፤ ነጩና ሰማያዊ የሚመስለው ብርሃን የሰውን ፊት ያገረጣዋል። በትልቅ አዳራሽ የፊት መብራት ከላይ ወደ ታች በ45 ዲግሪ ገደማ ይጣላል። ጣራው ሦስት ሜትር በሆነ ክፍል ግን መብራቱ ከዚያ ዝቅ ብሎ ፊት ለፊት ስለሚመጣ የተዋናዩ ጥላ ከኋላው መጋረጃ ላይ ይወድቃል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ መብራቶቹን ከመሐል አንሥቶ በተመልካቹ በኩል ባሉት ሁለት ማዕዘኖች መስቀል፣ ተዋንያኑም ከኋለኛው መጋረጃ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ርቀው እንዲጫወቱ ማድረግ። ተራ ፓውዛ ብርሃኑን ቀስ በቀስ መቀነስ ስለማይችል መብራቶቹን በሦስት ወይም በአራት ማብሪያ ማጥፊያ ከፋፍሎ እየተፈራረቁ እንዲበሩ ማቀድ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ መቋረጥ በእኛ አካባቢ ሊታቀድለት የሚገባ እንጂ ሲመጣ የሚደነቅ ነገር አይደለም። ጄኔሬተር በተዘጋ ክፍል አጠገብ ድምፁም ጭሱም ትርኢቱን ያበላሻል። ባለ 30 ዋት ስድስት ፓውዛ በድምሩ 180 ዋት፣ በሁለት ሰዓት ደግሞ 360 ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ባለ 12 ቮልትና ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር ቢዘጋጅ ኃይሉ ከግማሽ በታች ሳይወርድ ትርኢቱን እስከ መጨረሻው ያደርሳል። ቆጣሪው ባለ ካርድ ከሆነ በየትርኢቱ ዋዜማ ሒሳቡን አይቶ የሚሞላ ሰው በስም ይመደብ። የመውጫ በሮች ወደ ውጭ የሚከፈቱና በትርኢት ሰዓት የማይቆለፉ መሆናቸው፣ ጨርቁም ከመብራት የራቀ መሆኑ፣ የእሳት ማጥፊያም በቅርብ መኖሩ በየሳምንቱ ይታይ፤ በዚህ ላይ ምንም ዓይነት ቸልታ መኖር የለበትም።

ልምምድ

ለአንድ ተውኔት ስድስት ሳምንት፣ በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት ልምምድ ቢያዝ 72 ሰዓት ይሆናል፤ ከዚህ ቢያንስ ሥራው ጥሬ ሆኖ ይቀርባል። የመጀመሪያው ሳምንት በሙሉ ለንባብ ይሁን፤ ተዋንያኑ ተቀምጠው ድርሰቱን ደጋግመው ሲያነቡ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ከሌላው ምን እንደሚፈልግ ይጣራል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት የብሎኪንግ ነው፤ ማን ከየት ይገባል፣ የት ይቆማል፣ መቼ ይቀመጣል የሚለው ተወስኖ በአዘጋጁ ረዳት ደብተር ላይ ይጻፋል። በአራተኛው ሳምንት ድርሰቱ ከእጅ ይወጣል፤ አምስተኛው ሳምንት ሙሉ ተውኔቱን ሳያቋርጡ የመሄድ ልምምድ ነው። ስድስተኛው ሳምንት በመብራት፣ በአልባሳትና በመድረክ ቁሳቁስ ይሠራበታል፤ የመጨረሻው ልምምድም ከሰፈሩ የተጋበዙ ጥቂት ሰዎች ባሉበት ይካሄድ።

በትልልቅ መድረኮች የሠለጠነ ተዋናይ ወደ ትንሽ ክፍል ሲመጣ ድምፁንና እጁን መቀነስ ይቸግረዋል። ከሺህ በላይ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ቃሉን እስከ መጨረሻው ረድፍ መወርወር ግዴታው ነበር፤ እዚህ ግን የፊተኛው ተመልካች ከሁለት ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ስለ ተቀመጠ፣ ያው ድምፅ ጩኸት ይሆንበታል፣ የተጋነነው የፊት እንቅስቃሴም ያሳፍረዋል። አዘጋጁ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በተመልካቹ ወንበር ላይ እየተቀያየረ በመቀመጥ ያዳምጥ፤ ሹክሹክታ የሚመስል ንግግር እንኳ ቃላቱ ጥርት ብለው እስከ ወጡ ድረስ እንደሚደመጥ ለተዋንያኑ በተግባር ያሳያቸው። የትንሽ ስቱዲዮ ትልቁ ሀብት ይህ ቅርበት ነው ብዬ አምናለሁ። ትልቁ መድረክ ሊሰጠው የማይችለውን፣ ተዋናዩ ሳይናገር ሲያስብ የማየት ዕድል ለተመልካቹ ይሰጣል።

ተዋናይ በድንገት ለቅሶ ሊደርሰው ወይም ለቴሌቪዥን ድራማ ቀረጻ ሊጠራ ይችላል። ለእያንዳንዱ ሚና የተለየ ተተኪ ማሠልጠን ለትንሽ ቡድን ስለሚከብድ፣ የአዘጋጁ ረዳትና ሌላ አንድ ሰው የወንዶቹንና የሴቶቹን ሚና ተከፋፍለው ቃለ ተውኔቱን እንዲያጠኑ ማድረግ በቂ ነው። የሁለተኛው ተውኔት ንባብ የመጀመሪያው ትርኢት ባለቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጀመር ይኖርበታል፤ ዕረፍቱ ከዚያ ከረዘመ ቡድኑ ይበተናል።

ፈቃድ፣ ገንዘብና ማስታወቂያ

ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበሩትን ከተሞች አጠቃሎ ከተደራጀ ወዲህ፣ ሕንፃው በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሚገኝ አስቀድሞ ማረጋገጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ የአካባቢው የባህልና የኪነ ጥበብ ጽሕፈት ቤት የሚጠይቀውን ፈቃድ ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት መጨረስ ያስፈልጋል። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪው ብዙ በሆነበት ሰፈር ማስታወቂያው በሁለቱም ቋንቋ ቢጻፍ፣ ከሦስቱ ተውኔቶችም አንዱ በአፋን ኦሮሞ ቢዘጋጅ ስቱዲዮዋ የሰፈሩ ሁሉ ትሆናለች።

ገቢው ሲሰላ ክፍሉ ግማሽ እንደሚሞላ አስቦ መነሣት ይገባል። ለምሳሌ 60 ወንበር በአራት ሳምንት ስምንት ትርኢት ቢቀርብበት 480 ቦታ ይሆናል፤ ግማሹ 240 ነው። ትኬቱ 150 ብር ቢሆን 36,000 ብር ይገኛል፤ ከዚህ የክፍል ኪራይ፣ የደራሲው ድርሻ፣ የኤሌክትሪክና የተዋንያን መጓጓዣ ተቀንሶ የሚቀረው ለቡድኑ በተስማሙበት ድርሻ ይከፋፈላል። ድርሻው ልምምድ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ። በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ሦስቱን ተውኔቶች በሁለቱ ዋጋ የሚያሳይ የዓመት ትኬት መሸጥ ለመጀመሪያው ዝግጅት የሚሆን ገንዘብ ከማስገኘቱም በላይ፣ ገዢው ለቀሪዎቹም እንዲመለስ ያደርገዋል።

ፖስተር የሚለጠፍበት ጥሩ ቦታ የታክሲ ሰልፍና የየብሎኩ መግቢያ ነው፤ የየብሎኩ ነዋሪዎች ባላቸው የቴሌግራም ቡድንም ኮሚቴውን አስፈቅዶ ማስነገር ይቻላል። ትርኢቱ የሚጀምርበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን የሚያልቅበትም በግልጽ ይጻፍ፤ በዳር ሰፈር የሚኖር ሰው መምጣቱን የሚወስነው መመለሻውን አስልቶ ነው።

በትርኢቱ ቀን

በሩ ከግማሽ ሰዓት በፊት ይከፈት፤ ትርኢቱም በተባለው ሰዓት ይጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ሰው ብቻ ቢገኝ እንኳ በሰዓቱ መጀመር ያስፈልጋል፤ ተጨማሪ ሰው እየጠበቁ ማዘግየት በሰዓቱ የመጣውን ተመልካች መቅጣት ነው። የዘገየ ሰው በትዕይንቶች መካከል መብራት ሲጠፋ ከኋላ ይግባ፤ ለዚህም ከበሩ አጠገብ ያሉት ጥቂት ወንበሮች ክፍት ይቆዩ። ተውኔቱ ለሕፃናት የማይሆን ከሆነ ይህ ቀድሞ በፖስተሩ ላይ ይገለጽ እንጂ በር ላይ ወላጅን ከልጁ ጋር መመለስ ተገቢ አይደለም።

በግቢው ውስጥ ወይም በአቅራቢያው ለቅሶ ተደርሶ ድንኳን ከተጣለ የዚያ ቀን ትርኢት ይተላለፍ። ለዚህም ትኬቱ ላይ ከስምንቱ ቀናት ሌላ አንድ መጠባበቂያ ቀን አስቀድሞ ቢታተም ሁሉም ሰው ይረዳዋል።

ከትርኢቱ በኋላ ቡና ተፈልቶ ለሩብ ሰዓት ያህል ከተዋንያኑ ጋር ውይይት ቢደረግ መልካም ነው። ውይይቱን የሚመራው ሰው «ወደዳችሁት?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ የትኛው ትዕይንት እንዳሰለቻቸውና የትኛው ንግግር እንዳልተሰማቸው ቢጠይቅ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሊታረም የሚችል መልስ ያገኛል። መልሶቹን ረዳቱ በደብተር ይጻፍ፤ አዘጋጁም ከሚቀጥለው ትርኢት በፊት ከተዋንያኑ ጋር አንድ አጭር የማስተካከያ ልምምድ ያድርግ።

የግንቦቱ ትርኢት ሲያበቃ መጋረጃውና መብራቱ ወርደው እርጥበት በማያገኛቸው ቦታ ይቀመጡ፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆኑ ድርሰቶችም እስከ ሐምሌ መጨረሻ እንዲገቡ ጥሪ ይውጣ። ነሐሴ የምርጫና የመብት ውል ወር ነው፤ የጥቅምቱ ተውኔት ንባብ ከመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ካላለፈ ስድስቱ ሳምንት ይሞላል።